መስታወቱ እስኪጠራ

(ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ፤ በግቢ ውስጥ በቆመች አሮጌ ነጭ መኪና ትርሲት የምትባል ወጣት አዋላጅ በተሳፋሪው በር በኩል ከፊት መስታወቱ በታች ካለው ክሩስኮት ሥር ተጋድማለች፤ ያሳደጓት አያቷ ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው አልነሣም ብለዋል።)

ትርሲት፦ ቁልፉን ይስጡኝ፣ እማማ።

ዘነበወርቅ፦ የቱን ቁልፍ?

ትርሲት፦ መቀነትዎ ውስጥ የቋጠሩትን።

ዘነበወርቅ፦ መቀነቴ ውስጥ ያለው የእኔ ነው። መኪናዋ ብትሆን የአያትሽ ነበረች፤ አያትሽም ሲሞቱ "ለትርሲት ስጫት" አሉ እንጂ "ትርሲትን ለገደል ስጫት" አላሉም።

ትርሲት፦ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያወርደው ጣርማ በር እኮ ገደል ብቻ አይደለም፤ አስፋልት አለው።

ዘነበወርቅ፦ አስፋልቱ ከገደሉ ጎን ነው። ጉሙ ሲወርድ ደግሞ የቱ አስፋልት፣ የቱ ገደል እንደሆነ የሚያውቀው ጉሙ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ይቺ መኪና ንፋስ አትሰጥ፣ ሙቀት አትሰጥ። ስትተነፍሺ መስታወቱ ይለብሳል። ምን ልታደርጊ ነው? ሳትተነፍሺ ልትነጂ?

ትርሲት፦ በጨርቅ እጠርገዋለሁ።

ዘነበወርቅ፦ አንድ እጅሽ መሪ፣ አንድ እጅሽ ጨርቅ፤ ማርሹን በጥርስሽ ልትቀይሪ?

ትርሲት፦ መስኮት እከፍታለኋ።

ዘነበወርቅ፦ በጣርማ በር ብርድ? መስኮት? ስሙኝ ሰዎች! ይቺ ልጅ ገደሉን ብታመልጥ እንኳ ብርዱ ይጨርሳታል።

ትርሲት፦ ለዚሁ አይደል ከንጋት ጀምሮ እዚህ ሥር የተጋደምኩት! ፋኑን እሠራዋለሁ፤ ከዚያ ጨርቅም መስኮትም አያስፈልግም። ግን ቁልፉ ከሌለ መሥራቱን በምን ልሞክረው?

ዘነበወርቅ፦ መካኒኩ አይቶታል። ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ ብሏል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።

ትርሲት፦ ባለቤቷማ እኔ ነኝ። መካኒኩ ፊውዝ ቀየረ፣ ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ቀየረ፣ እሱም ተቃጠለ። "ሞተሩ ነው" ብሎ እጁን ታጥቦ ሄደ። ፊውዝ እንዲሁ አይቃጠልም፣ እማማ። አንድ ነገር ፋኑን አላስዞርም ብሎ አንቆት ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ግፋ ሲለው እሱ እንቢ ሲል፣ መካከል ላይ ያለው ፊውዝ ይሞታል።

ዘነበወርቅ፦ ታዲያ ፊውዙ ብልህ ነው። መሄድ እንደሌለብሽ ከእኔ ቀጥሎ የገባው እሱ ብቻ ነው።

ትርሲት፦ ካቻቪቴውን ያቀብሉኝ።

ዘነበወርቅ፦ አላቀብልም።

ትርሲት፦ እሺ። እንዳይወጋዎት ብዬ ነው፤ የተቀመጡበት ነው ያለው።

ዘነበወርቅ፦ ውይ! እንኪ፣ እንኪ። ይሄን የመሰለ የሾለ ነገር ሰው ወንበር ላይ ይጥላል?

ትርሲት፦ ሰው ይቀመጥብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበራ። የስልኬንም መብራት ወደዚህ ያዙልኝ። ወደ እጄ... ወደ ዓይኔ አይደለም፣ እማማ፣ ወደ እጄ።

ዘነበወርቅ፦ ዓይንሽን ላየው ፈልጌ ነው። አልቅሰሻል?

ትርሲት፦ አቧራ ነው።

ዘነበወርቅ፦ እኔ ደግሞ አላለቀስኩም፤ እንዳይመስልሽ።

ትርሲት፦ ነገ ሥራ መጀመሪያዬ ነው። ዛሬ ካልወረድኩ አልደርስም።

ዘነበወርቅ፦ አውቶቡስ አለ።

ትርሲት፦ አውቶቡስ ሸዋ ሮቢት ያወርደኛል። ጤና ጣቢያው ከዚያ ወዲያ ነው፣ መንደሮቹ ደግሞ ከጤና ጣቢያውም ወዲያ። አንዲት ሴት በምጥ ተያዘች ብለው ሲጠሩኝ "አውቶቡስ እስኪመጣ ያዝ አድርጊው" ልበላት? ምጥ መናኸሪያ ተሰልፎ አይጠብቅም።

ዘነበወርቅ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሴት አትወልድም? ከታች ያለው ክሊኒክ "ትምጣልን" ብሎ ልኮብሻል። ቀን ታዋልጃለሽ፣ ማታ እዚሁ ትገቢያለሽ፣ እኔም በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ እዚህ አዋላጅ ሞልቷል። እዚያ የለም።

ዘነበወርቅ፦ እዚያ ብዙ ነገር የለም። ብርድ የለም፣ ቤት የለም፣ እኔ የለሁም።

ትርሲት፦ ሙቀት አለ። ለሙቀቱም ይሄው ፋን ነው የሚያስፈልገኝ። ላይ ጣርማ በር ጉሙን ይጠርጋል፣ ታች ቆላ ላይ ያቀዘቅዛል። ሂተሩም ኤሲውም በዚህ በአንድ አፍ ነው የሚተነፍሱት።

ዘነበወርቅ፦ ንፋስ፣ ንፋስ! የአዳም ልጅ ከንፋስ ሲሸሽ ይኖራል፤ አንቺ ንፋስ ፍለጋ መኪና ትፈቺያለሽ። ላብ ላይ ንፋስ፣ ከንፋሱ ምች፣ ከምቹ ደግሞ...

ትርሲት፦ እማማ፣ ይሄ ሽታ ምንድን ነው?

ዘነበወርቅ፦ የምን ሽታ?

ትርሲት፦ አንዱን ብሎን ስፈታው መጣ። የመድኃኒት ዓይነት ሽታ። ልጅ ሆኜ ሲያመኝ አሽተው አፍንጫዬ ውስጥ የሚጨምቁብኝን ይመስላል።

ዘነበወርቅ፦ አሮጌ መኪና ይሸታል። ተይውና ውጪ፤ ወገብሽን ይበርድሻል።

ትርሲት፦ ሁለተኛው ብሎን... ይሄኛው ዝጓል... ሦስተኛው። ወረደ፣ ወረደ፣ ያዝኩት። እማማ!

ዘነበወርቅ፦ አቤት።

ትርሲት፦ ዳማከሴ!

ዘነበወርቅ፦ እ?

ትርሲት፦ ፋኑን የሞላው ዳማከሴ ነው! ከነቅጠሉ፣ ከነእንጨቱ! ወፍ ጎጆ የሠራችበት ነው የሚመስለው። ይሄ ደግሞ ጤና አዳም ነው!

ዘነበወርቅ፦ ጤና አዳሙ ጥቂት ነው።

ትርሲት፦ እርስዎ ነዎት የከተቱት?

ዘነበወርቅ፦ ምን አጠፋሁ? አያትሽ ከሞቱ በኋላ መኪናዋን ይዘሽ መውጣት ስትጀምሪ፣ ይሄ ቀዳዳ ሁሉ ፊትሽ ላይ ይነፍስ ነበር። የደጁ ንፋስ የሚገባው ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ወንፊት ነው ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። እኔም አሰብኩ። ንፋሱ መግባቱ ካልቀረ በዳማከሴ ላይ አልፎ ይግባ አልኩ። በወንፊቱ ሰካሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ እያደስኩ።

ትርሲት፦ ሲያድሱ የድሮው የት እየሄደ መሰለዎት?

ዘነበወርቅ፦ ንፋስ የወሰደው።

ትርሲት፦ ንፋስማ ወሰደው! ወደ ፋኑ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ?

ዘነበወርቅ፦ ተረቱን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ በገዛ ተረቴ አትውጊኝ። ደግሞስ ምች መታሽ? አልመታሽም። ሠርቷል ማለት ነው።

ትርሲት፦ እንዳልሄድ ብለው ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።

ዘነበወርቅ፦ እመብርሃን ትይልሽ! ያን ጊዜ መሄድሽን በምን አውቄ? ባውቅማ ዳማከሴ አይደለም፣ ቁልቋል ነበር የምሰካው።

ትርሲት፦ እሺ። ጎጆውን አነሣሁ። በጣቴ ሳዞረው... ያዩታል? እንደ እንዝርት ይዞራል። ሞተሩ አልተቃጠለም።

ዘነበወርቅ፦ በጣትሽ ሲዞር ምን ዋጋ አለው? ጣርማ በር ላይ ጣትሽን ከተሽ ልታዞሪው ነው?

ትርሲት፦ መልሼ እያሰርኩት ነው። ይሄ የቀረኝ ፊውዝ ነው፤ እሱንም ተካሁ። አሁን ቁልፉን።

ዘነበወርቅ፦ አይሆንም።

ትርሲት፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

ዘነበወርቅ፦ ወረቀቱስ ይሁን፤ ሞኙ ማነው?

ትርሲት፦ ለመሞከር ብቻ ነው፣ እማማ። አይሠራም ብለው እርግጠኛ ከሆኑ ምን ያስፈራዎታል?

ዘነበወርቅ፦ እኔ ፈራሁ? እኔው እከተዋለሁ። ይኸው። ወዴት ነው የሚዞረው?

ትርሲት፦ ወደ ፊት። ቀስ። እዚያ ላይ ያቁሙት፣ ሞተሩን አያስነሡ። አሁን ያንን ምስሎች ያሉበትን ማዞሪያ ወደ መስታወቱ ያዙሩት።

ዘነበወርቅ፦ ይሄን? ይሄ ቀስት ፊቱን የሚወጋው ሰውዬ ማነው?

ትርሲት፦ ሰው አይደለም፤ ንፋስ ወደ ፊት ይመጣል ማለት ነው።

ዘነበወርቅ፦ ይኸዋ! ምች ሲመታው ሥለውታል። የሠሩት ሰዎች እንኳ ያውቃሉ፣ የእኔ ልጅ ብቻ አታውቅም።

ትርሲት፦ እሱን ይለፉትና መስታወቱ ላይ ያድርጉት። እንደሱ። አሁን ፋኑን አንድ ቁጥር ላይ።

ዘነበወርቅ፦ አንድ። ዝም። ሁለት። ዝም። መካኒኩ ተናግሯል እኮ። ሦስት። ዝም። እንግዲህ ልጄ፣ የእግዜር ፈቃድ ካልሆነ ሰው አይታገል... አራ... በስመ አብ! ምንድን ነው የሚጮኸው?

ትርሲት፦ ሠራ! እማማ፣ ሠራ!

ዘነበወርቅ፦ ዓይኔ! ዓይኔ ውስጥ ቅጠል ገባ!

ትርሲት፦ የራስዎ ዳማከሴ ነው፤ ለዓይንም ሳይበጅ አይቀርም።

ዘነበወርቅ፦ አጥፊው! ሳቅሽንም አጥፊው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ላይ ለምን ዝም አለ ታዲያ?

ትርሲት፦ ኃይሉን የሚመጥንለት ዕቃ ሳይቃጠል አልቀረም፤ ፋኑ ሲታነቅ አብሮ ግሎ። አራት ላይ ግን ኃይሉ በዚያ ሳያልፍ በቀጥታ ነው የሚመጣለት። ስለዚህ ወይ ዝም ነው፣ ወይ ጩኸት። መካከል የለውም።

ዘነበወርቅ፦ እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ።

ትርሲት፦ እኔም አውቃለሁ።

ዘነበወርቅ፦ አያትሽን ማለቴ ነው።

ትርሲት፦ እኔ እሳቸውን ማለቴ አይደለም።

ዘነበወርቅ፦ ምላስሽን ግን በአራት ቁጥር የሠራው ማነው? ስሚ። መጮኽ መሥራት አይደለም። ጉሙን ይጠርጋል ወይ? እሱ እዚሁ ይፈተናል።

ትርሲት፦ እዚህ ጉም ከየት ይመጣል?

ዘነበወርቅ፦ ከእኔና ከአንቺ። እኔም ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ትንፋሽ በቀዝቃዛ መስታወት ላይ ምን እንደሚሆን አስተማሪ ነግሮኛል። ነይ ግቢ፣ በሩን ዝጊ። መስታወቱ እስኪለብስ እንተነፍሳለን። ከዚያ ፋኑ ይከፈታል፤ እኔ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። አሜን ከማለቴ በፊት መስታወቱ ጠርቶ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ካየሁ፣ ቁልፉን ሰጥቼሽ እወርዳለሁ። ካላየሁ ሻንጣሽን አውርደሽ ክሊኒኩ ጋ ትሄጃለሽ። ቃልሽን ስጪኝ።

ትርሲት፦ አንድ ብቻ? እርስዎ ሲያደርሱት እኮ አንድ ትንፋሽ ነው።

ዘነበወርቅ፦ ገደልም አንድ ትንፋሽ ነው።

ትርሲት፦ በዝግታ ይበሉት እንጂ።

ዘነበወርቅ፦ እንደ ልማዴ ነው የምለው። አያትሽ አልጋ ላይ ሲያጣጥሩ እንኳ አንዲት ቃል አልተደናቀፍኩም። ትኩሳት ይዞኝ ስቃዥ አልሳትኩትም። ለአንቺ ብዬ ጸሎት አላጎትትም።

ትርሲት፦ እሺ፣ ቃሌ ነው። ገባሁ። ዘጋሁት።

ዘነበወርቅ፦ ተንፍሺ።

ትርሲት፦ እየተነፈስኩ ነው።

ዘነበወርቅ፦ እንዲህ ቆጥበሽ አይደለም። አውሪ፤ ወሬ ቶሎ ያለብሳል።

ትርሲት፦ ምን ላውራ?

ዘነበወርቅ፦ አገሩ ሰፊ ነው። ለምን እዚያ?

ትርሲት፦ ያውቁታል።

ዘነበወርቅ፦ ከአፍሽ ልስማው።

ትርሲት፦ እናቴ እዚያ ስለሞተች።

ዘነበወርቅ፦ እንዲያ በይ! እኔስ ለምን እዚያ እንዳትሄጂ የምል መሰለሽ? ዳርኳት፣ ሸኘኋት፣ በእልልታ ቆላ ወረደች። አንቺን ስትወልድ እጇን የሚይዝ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። መኪና የለ፣ አዋላጅ የለ። ጎረቤት ተሰብስቦ አለቀሰ፤ እሱ ብቻ ነበር የሞላው። እኔ ስደርስ ተቀብራለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ቢሉኝ ይበሉኝ። አንድ ልጅ ለዚያ አገር ሰጥቼ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ሁለተኛ አልሰጥም!

ትርሲት፦ ባዶ እጅዎን አልተመለሱም።

ዘነበወርቅ፦ ምን ይዤ ተመለስኩ?

ትርሲት፦ እኔን።

ዘነበወርቅ፦ መስታወቱ መልበስ ጀመረ።

ትርሲት፦ በጋቢዎ ጠቅልለው፣ በጭነት መኪና ላይ፣ በዚሁ በጣርማ በር፣ በዚሁ ጉም። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ያን ጊዜ አልፈሩም?

ዘነበወርቅ፦ ያን ጊዜ የሚፈራ ሰውነት አልነበረኝም። አንቺ ታለቅሺ ነበር፣ እኔ ወተት የት እንደማገኝ አስብ ነበር። ገደሉንም አላየሁት።

ትርሲት፦ እንግዲያው ይስሙኝ። ያን ቀን አንዲት አዋላጅ መኪና ይዛ ልትደርስላት ተነሥታ፣ አያቷ ቁልፉን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረውባት ቢሆንስ?

ዘነበወርቅ፦ ይሄን አትበይኝ።

ትርሲት፦ አልኩ።

ዘነበወርቅ፦ ክፉ ነሽ። ደፋር። ማን አሳደገሽ ይሉሻል!

ትርሲት፦ እርስዎ።

ዘነበወርቅ፦ አያትሽ ናቸው ያበላሹሽ። በሰባት ዓመትሽ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መሪ አስያዙሽ፤ እኔ በመስኮት እያየሁ ጮኽኩ፣ ማን ሰማኝ? አርባ ዓመት አብሬያቸው ስኖር እኔን በዚህ ወንበር አንድ ቀን አላስቀመጡኝም። ይኸው ዛሬ ተቀምጬ አየሁት። ለካ ከዚህ ሲያዩት መንገዱ ይጠባል።

ትርሲት፦ ሲነዱት ይሰፋል።

ዘነበወርቅ፦ ለበሰ። እይው። በሩም የለ፣ አጥሩም የለ፣ ሰማዩም የለ። ጣርማ በር ይሄ ነው። እኔ በዚህ ውስጥ ነው የምሸኝሽ?

ትርሲት፦ ካልደፈረሰ አይጠራም። ሞተሩን ያስነሡ።

ዘነበወርቅ፦ እኔ?

ትርሲት፦ ማርሹ ወጥቷል፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዟል። የትም አትሄድም። ቁልፉን ትንሽ ጨመር አድርገው ወደ ፊት... ይልቀቁት!

ዘነበወርቅ፦ ተነሣች! እኔ ነኝ ያስነሣኋት? እኔ ነኝ?

ትርሲት፦ ሌላ ማን አለ!

ዘነበወርቅ፦ ምን ያስቅሻል? እኔም አልሳቅኩም። በይ አራት ላይ አድርጊው።

ትርሲት፦ ትንሽ ይታገሡ፤ ሞተሩ በረዶ ነው። እሱ ሳይሞቅ ፋኑ የሚነፋው ብርድ ነው። እስኪሞቅ...

ዘነበወርቅ፦ ውል ውል ነው። ጣርማ በር እስክትሞቂ ይታገሥሻል? ክፈቺው። ጀመርኩ። አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ...

ትርሲት፦ እየሮጡ ነው!

ዘነበወርቅ፦ ጸሎት ላይ አታናግሪኝ። ትምጻእ መንግሥትከ...

ትርሲት፦ ከታች ጀመረ! ከክሩስኮቱ ጠርዝ፣ ያዩታል?

ዘነበወርቅ፦ ጥፍር ታህላለች። ወይኩን ፈቃድከ...

ትርሲት፦ ከፍ እያለ ነው። የበሩ እግር ታየ!

ዘነበወርቅ፦ በእግሩ አልተዋዋልንም። መቀርቀሪያው! ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ...

ትርሲት፦ ንፋሱ ለብ አለ! እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ፤ እዚህ ላይ፣ ቀዳዳው ላይ። ይሰማዎታል?

ዘነበወርቅ፦ እጅሽ ለምን እንዲህ ቀዘቀዘ? ኅድግ ለነ አበሳነ...

ትርሲት፦ ግማሽ ደረሰ። መቀርቀሪያው እዚያ ነው፣ ከዚያች ጭጋግ ኋላ። ትንሽ ብቻ ነው የቀረው።

ዘነበወርቅ፦ ኢታብአነ እግዚኦ ውስተ መንሱት... አላ አድኅነነ...

ትርሲት፦ አልደረሰም። ይበሉ፣ ይጨርሱት። ውል ውል ነው፤ አሜን ይበሉና ሻንጣዬን ላውርድ።

ዘነበወርቅ፦ ወባልሐነ... እምኵሉ... እምኵሉ... ቆይ። አንድ ቃል ዘለልኩ።

ትርሲት፦ እርስዎ?

ዘነበወርቅ፦ እኔ ሰው አይደለሁም? ዝም በይ አታቋርጪኝ፤ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፤ በዝግታ። አቡነ... ዘ... በሰማያት...